በቀበሌው ድምፅ ማጉያ የተሰማው ሸክላ

ባለፈው መስከረም ሰዓቴን ላሠራ ፒያሳ ወጣሁ። ሠሪው «ትንሽ ቆይተው ይመለሱ» ስላለኝ እስከዚያው ልዘዋወር ብዬ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ስዞር፣ አሮጌ የዘፈን ሸክላ የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አገኘሁ። ገና በሩን ሳልፍ የእርጥብ ካርቶንና የናፍታሊን ሽታ ተቀበለኝ። እግሬ ቀጥ አለ። ይህን ሽታ ዐውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ሸትቶኝ የማያውቅ የጎረቤታችን የጋሽ ይገዙ ክፍል ሽታ ነው።

ሸክላዎቹን አንድ በአንድ መግለጥ ጀመርኩ። ሃያ ወይም ሠላሳ ያህል ካለፍኩ በኋላ እጄ ላይ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ሐምራዊ ሱሪ የለበሰ፣ አፍሮው እስከ ትከሻው የሰፋ ጥቁር አሜሪካዊ ቀይ መኪና ላይ ቆሞ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሯል።

«ላጫውትልዎ?» አለኝ ባለሱቁ፣ ገና ወጣት ነው። «ፈንክ የሚባለው ሙዚቃ ነው። የሰባዎቹ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ያውቁታል?»

«አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ» አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም። ነጠላዬን አየት አደረገና መርፌውን አሳረፈ።

መጀመሪያ ከበሮው ብቻውን ይመጣል። ቀጥሎ ቤዝ ጊታሩ ይገባል። አንዴ ይረግጣል፣ ቆም ይላል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ይረግጣል፤ ከኋላዬ ሰው አለ ብሎ የጠረጠረ መንገደኛ ይመስላል። ጥሩንባዎቹ ቢጮሁም እሱ እርምጃውን አይለውጥም። ዘፋኙ ከሚዘፍነው የሚጮኸው ይበዛል። በዛሬ ጆሮዬ ስሰማው እንከኑም ታየኝ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያሉት የፍቅር ዘፈኖች ይጎተታሉ፣ የመጨረሻው ደግሞ ማለቂያ የለውም። የመጀመሪያውን ገጽ ሦስተኛ ዘፈን ግን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ባለሱቁ ምን እንዳየብኝ እንጃ፣ ሳልጠይቀው ወንበር አመጣልኝ።

በዚያ ዘፈን ምክንያት ሰው አሳስሬያለሁ። ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ቤታችን ውቤ በረሃ ነበር። በአንድ ግቢ ሦስት ቤት ነበርን። ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ክፍሎች እኛ፣ በሩ አጠገብ እትዬ ብርነሽ፣ ከኋላ ደግሞ ከውኃ ቧንቧው ጎን ባለችው አንዲት ክፍል ጋሽ ይገዙ። እናቴ አስካለ ትባላለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ እየሠራች ታላቅ ወንድሜን ዳንኤልንና እኔን ታሳድግ ነበር። ማታ ስትመጣ ልብሷ ቅቤና ቫኒላ ይሸታል፤ ፊቷ ግን በዚያ ዓመት ምንም ጣፋጭ ነገር አልነበረበትም።

ደርግ ቤት ለቤት የሚፈትሽበት የአሰሳው ዓመት ነበር። ዳኒ ከጥምቀት ማግስት ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጣና አልተመለሰም። እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰሚ በከንቱ እንዳይጠብቀው ብዬ ነው።

በማግስቱ እማዬ አልጋውን አንጥፋ ጨረሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«ዳኒ የት ሄደ ያለሽ ሰው ካለ፣ ደብረ ብርሃን አክስቱ ጋ ሄዷል በይ።»

«ደብረ ብርሃን አክስት የለንም እኮ።»

«አሁን አለችን» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ሁሉ ቀነሰ። እማዬ የምትናገረው ወይ ውኃ እያፈሰሰች ወይ ሬዲዮ ከፍ አድርጋ ነው። አንድ እሑድ የአክስቷ ልጅ ሊጠይቃት መጣ። ጓዳ ገብተው ሲንሾካሾኩ በመጋረጃው ሥር ሆኜ «ቤዝ ገብቷል ነው የሚባለው» ሲላት ሰማሁ። ብቅ ብዬ «ቤዝ ምንድን ነው?» አልኩ። እማዬ ከንፈሬን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ያዘችኝ።

«ይህን ቃል ሁለተኛ ካፍሽ ብሰማ!» አለች። ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ቤዝ ማለት ደርግን የሚወጉት ተዋጊዎች ጫካ ውስጥ ያላቸው ሠፈር መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ ሰው የሚገድል ቃል መሆኑ ብቻ ነበር።

እማዬ ሁሉንም ትጠረጥር ነበር። ዳቦ ሻጩን፣ የኬክ ቤቱን አሳላፊ፣ የትምህርት ቤቴን ዘበኛ። እትዬ ብርነሽንማ መጠርጠር አላስፈለጋትም። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ውስጥ መሥራቷን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ስታልፍ ዝም ማለት ነው። ይበልጥ የሚያስፈራት ጋሽ ይገዙ ነበር።

ጋሽ ይገዙ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ረጅም፣ ጣቶቹ ከሰውነቱ ተለይተው የሚኖሩ የሚመስሉ ሰው ነበር። ሲቆምም ሲቀመጥም ጭኑን በጣቶቹ ይመታል። ሰዓት እላፊው መጥቶ የሰፈሩ የጭፈራ ቤቶች ከተዘጉ ወዲህ ሥራ አልነበረውም። ምን ይሠራ እንደነበር ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ «ሌሊት ነበር የሚሠራው» ከማለት ሌላ የነገረኝ የለም።

«ዘመድ አይጠይቀው፣ ሥራ የለው። ማነው የሚያበላው?» ትል ነበር እማዬ ለራሷ። «ጆሮ ጠቢ ሳይሆን አይቀርም።»

ጆሮ ጠቢ! እኔ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ወሰድኩት። ጋሽ ይገዙ ሰው ተኝቶ ሳለ ጆሮውን እየጠባ ሐሳቡን የሚያወጣ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ስተኛ ጆሮዬን በሻሽ እጠቀልል ነበር። እማዬ ብርድ ነው ብላ ዝም አለችኝ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ከቧንቧው ውኃ መቅዳት ነው። ቧንቧው ቀጭን ስለሆነ አንድ ባልዲ እስኪሞላ ብዙ ያስቆማል። ከቧንቧው በላይ የጋሽ ይገዙ መስኮት አለች፣ መጋረጃዋም አጭር ናት። አንድ ቀን ባልዲውን ገልብጬ ላዩ ላይ ቆምኩና አየሁ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ክዳኑ የተከፈተ ግራጫ ሳጥን አለ፣ ሳጥኑ ላይ ጥቁር ክብ ነገር ይዞራል። ጋሽ ይገዙ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አስጠግቷል። ትንፋሼን ያዝኩ። በጣም ቀጭን፣ የትንኝ የመሰለ ድምፅ ይሰማል፤ ትንኙ እየሮጠ ይቆማል፣ እየቆመ ይሮጣል። ጋሽ ይገዙ መርፌውን ያነሳና ደብተር ላይ ይጽፋል። መልሶ ያሳርፋል፣ ይሰማል፣ ይጽፋል። ከዚያ አራት መስመር የተሰመረበት ረጅም ጣውላ አቅፎ ጣቶቹን ላዩ ላይ ያሯሩጣል። ከጣውላው ምንም ድምፅ አይወጣም።

ይህን ትዕይንት ከሁለት ሳምንት በላይ ተመለከትኩት። ውኃ ቅጂ ሳልባል እቀዳ ጀመር። እማዬ «ምን ዓይነት ትጉህ ልጅ ሆነች» እያለች ትገረም ነበር። ድምፁን ሳላውቀው በቃሌ ያዝኩት።

አንድ ቀን ጋሽ ይገዙ ሲጋራ ሊገዛ ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። ገባሁ። የእርጥብ ካርቶንና የናፍታሊን ሽታ አፈነኝ። ግድግዳውን የተደገፈ ሸክላ ሽፋን ላይ ሐምራዊ ሱሪ የለበሰ ሰው ጣቱን ቀስሮብኛል። ዐይኔን ከእሱ አሸሽቼ ደብተሩን ገለጥኩ።

በየገጹ ቁጥር ነው። ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ዜሮ። በአራት በአራት መስመር የተደረደረ ቁጥር። ከላይ ግን በትልቁ፣ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ተጽፏል።

ቤዝ።

እንዴት ከዚያ ክፍል እንደወጣሁ አላስታውስም። ባልዲዬን እዚያው ትቼዋለሁ። በልጅ አእምሮዬ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ሳጥኑ ዳኒ የት እንዳለ ይነግረዋል፣ እሱ ይጽፈዋል፣ ቁጥሩ የመንገዱ ምልክት ነው። ለእማዬ ልነግራት አልቻልኩም። ለመንገር ያን ቃል መጥራት አለብኝ፣ ያን ቃል ደግሞ መጥራት አልችልም።

ደብተሩን የሚቀማልኝ ሰው ነበር የፈለግሁት። ሰው የሚቀማው ደግሞ ቀበሌ ነው። እትዬ ብርነሽ በሯ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«ጋሽ ይገዙ ሳጥን አለው» አልኳት። «ጆሮውን ለጥፎ ይሰማል። የሰማውን ይጽፋል። ቁጥር ነው የሚጽፈው።»

የእትዬ ብርነሽ ጣቶች ምስሩ ላይ ቆሙ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሴ አየሁ።»

«ጎበዝ ልጅ» አለችና ከቀሚሷ ኪስ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችኝ። በላሁት። ብርቱካን ብርቱካን ይል ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አራት የአብዮት ጥበቃዎች መጡ። ያላሰብኩት ነገር፣ የፈተሹት የጋሽ ይገዙን ክፍል ብቻ ሳይሆን ግቢውን ሁሉ ነው። እማዬ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር። አንደኛው በጠመንጃው አፈ ሙዝ የዳኒን ብርድ ልብስ ገለጠው።

«ይሄ አልጋ የማነው?»

«የልጄ።»

«የት አለ?»

«ደብረ ብርሃን። የአባቱ እኅት አሟት ሊያስታምም ሄዷል» አለች እማዬ። ድምፅዋ አልተሰበረም። እኔ ግን እግሬ ላይ ሽንቴ ሲወርድ ተሰማኝ። ሰውየው አየኝና ፊቱን አዞረ።

ከኋላ ቤት «ተገኝቷል!» የሚል ጩኸት መጣ። ጋሽ ይገዙን እጁን ወደ ኋላ አስረው አወጡት። አንዱ ሳጥኑን ተሸክሟል፣ አንዱ ሸክላውን፣ አንዱ ጣውላውን። ደብተሩን የያዘው ጮክ ብሎ «ቤዝ! ይኸው ጽፎታል፣ ቤዝ!» ይላል። የእማዬ ፊት አመድ መሰለ። ጋሽ ይገዙ በእኛ በር ሲያልፍ ቀና ብሎ እሷን አያት፤ ረጅም ጊዜ አያት። እሷም ዐይኗን አልነቀለችም።

ማታ ላይ እማዬ የዳኒን ፎቶግራፍ ከፍሬሙ አውጥታ ትራሷ ውስጥ ሰፋችው። «ዳኒን ያውቀዋል» ትል ነበር እየሰፋች። «አንድ ቃል ከተናገረ አለቀልን።»

ጋሽ ይገዙ አሥራ አራት ቀን ታሰረ። ቀበሌያችን ከቤታችን ሁለት መታጠፊያ ያህል ነው የሚርቀው። በነዚያ ቀናት ሌላ መንገድ ዞሬ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። ከረሜላው ደግሞ በሕልሜ ሳይቀር አፌ ውስጥ ይመጣ ነበር።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ስብሰባ የሚለፈፍበት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተንኳኳ። ሰው ሁሉ የለመደውን «ጓዶች!» ጠበቀ። በዚያ ፈንታ ከበሮ መጣ። ከዚያ ቤዙ ገባ። ከዚያ የአሜሪካው ሰውዬ ጩኸት ሰፈሩን አናወጠው።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። ጎረቤታችን ሽማግሌ ዐዋጅ የሚነገር መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «መንግሥት ተለወጠ እንዴ?» አለች አንዲት ሴት፣ ወዲያው አፏን በእጇ ከደነች። እማዬ እጄን ይዛኝ በራችን ላይ ቆመናል። እኔ የምሰማው ሌላ ነበር። ትንኙን ዐወቅሁት። ያ ቀጭን ድምፅ እንደ ቤት ተልቆ፣ ደረቴን እየመታ ይመጣል።

ሸክላው በድንገት ተቋረጠና አንድ ጊታር ብቻውን ጀመረ። ያው ነው፤ አንዴ ይረግጣል፣ ይቆማል፣ ሁለት ጊዜ ይረግጣል። መሐል ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ድምፅ ይሰማል፤ «ይሄን ቁጥር! አሁን ደግሞ ይሄን! ወደ ኋላ ተመለስ!» ጊታሩም የታዘዘውን ይመልሳል። ማጉያውን መዝጋት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ነገሩን በኋላ ያወራችው እትዬ ብርነሽ ናት። ጋሽ ይገዙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ቤዝ ጊታር ነው፣ የጊታር ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ነው» ብሎ ቢምልም የሰማው አልነበረም። ጊታሩ የጭፈራ ቤቱ ስለነበረ ቤቱ ሲዘጋ ቀርቷል፤ ጣቱ እንዳይረሳ በጣውላ ይለማመዳል። የሳጥኑን ስፒከር የነቀለው ደግሞ የኢምፔሪያሊስት ዘፈን ሰማ እንዳይባል ነው። በመጨረሻ የቀበሌው የኪነት ቡድን ጊታር ሲመጣ ሊቀመንበሩ ሳጥኑን ከድምፅ ማጉያው ጋር አስቀጠለና «ቁጥሩ ዘፈን ከሆነ ተጫወተው!» አለው። ተጫወተ። ከሸክላው ጋር አንድ ሆነ። ያን ማታ ፈቱት፤ ከነገ ጀምሮ የኪነቱ ጊታር መቺ ነህ ብለው።

ጋሽ ይገዙ አፍሮ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ መጣ። ሸክላውን አልመለሱለትም። እማዬ ወጥ በሰሐን አድርጋ ላከችኝ። በሩን በጥቂቱ ከፍቶ ሰሐኑን አየ።

«በልቻለሁ በያት» አለኝ።

በማግስቱም እንዲሁ። ሦስተኛ ቀን እማዬ መላኩን ተወችው። «ጠላን» አለች፤ ቆይታ ደግሞ «ምን ነግሯቸው ይሆን?» አለች። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሲያይ ዐይኑን መሬት ይተክላል። እሷ ቧንቧው ጋ ካለች እሱ አይወጣም። እኔ በመካከላቸው ባልዲ ይዤ እመላለሳለሁ።

የወዛደሮች ቀን ሲከበር የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ኪነቱ ካኪ ለብሶ መድረክ ወጣ። ጋሽ ይገዙ ከኋላ ረድፍ ዳር ላይ ቆሟል። ስለ እርሻና ስለ ኅብረት የሚዘመር መዝሙር ጀመሩ፤ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ የምንዘምረው ነው። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርሱ ከሥሩ አንድ ነገር ተለወጠ። አንዴ ረገጠ፣ ቆመ፣ ሁለት ጊዜ ረገጠ።

የሸክላው ሦስተኛ ዘፈን ነበር። ሊቀመንበሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ በእግሩ ምት ይመታል። ጭብጨባው ሞቀ። እንደዚያ የተጨበጨበበትን መዝሙር አላስታውስም። እኔ ሳላውቀው ጭንቅላቴን ከቤዙ ጋር እነቀንቃለሁ። ቀና ስል ጋሽ ይገዙ አየኝ። ጣቱ አንድ ጊዜ ተደናቀፈ። ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነበር፤ አንድ ትልቅ ሰው እኔን ሲፈራ ያየሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ ውኃ ስቀዳ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ግራና ቀኝ አየ።

«ትናንት ምን ሰማሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ለማንም አልናገርም፣ ጋሼ።»

«ምኑን?»

አለቀስኩ። «ያን ጊዜም የተናገርኩት እኔ ነኝ። ለእትዬ ብርነሽ። ሳጥን አለው ብዬ።»

ባልዲው ሞልቶ እግራችን ሥር ይፈስሳል።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«እማዬ? እማዬ አታውቅም! እስካሁንም አታውቅም። ስለ ዳኒ የምትጽፍ መስሎኝ ነው። ያ ቃል ነበረበት።»

ጋሽ ይገዙ የቧንቧው ግንብ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ግን ሲገልጠው ደረቅ ነው።

«ልጇን ለማዳን እኔን አሳልፋ የሰጠች መስሎኝ ነበር» አለ። ለእኔ አልነበረም የሚናገረው። «ስንት ቀን እዚያ ወለል ላይ ስረግማት ነበር።»

ተነሳ። ቧንቧውን ዘጋና ባልዲውን አንስቶ ወደ ቤታችን ሄደ። ከኋላው እየሮጥኩ ተከተልኩት። እማዬ በሩን ስትከፍት እሱን አየች፣ ቀጥሎ የእኔን ዐይን አየች፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እትዬ አስካለ፣ እራት አላችሁ?» አለ ጋሽ ይገዙ።

እማዬ ከበሩ ገለል አለች። ገባ፣ ተቀመጠ፤ እጁን አስታጠብኩት። ሽሮ ቀረበለት፣ በላ። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ስትመለከተው ቆየች።

«ስለ ዳንኤል ጠይቀውኝ ነበር» አለ እንጀራውን እየቆረሰ። «ምንም አላልኳቸውም።»

እማዬ ቀስ ብላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከዚያ ለእኔ እንኳ ብላኝ የማታውቀውን ነገር ተናገረች፤ «ልጄ የት እንዳለ አላውቅም፣ ይገዙ።»

«የሄደ ጠዋት በመስኮቴ በኩል አልፏል» አለ። «ሸሚዝ ብቻ ነበር የለበሰው። ብርድ ነበር፣ ጃኬቴን ሰጠሁት። እንቢ አለኝ፤ ግድ አልኩት። ለብሶት ሄደ።»

እማዬ «ለብሶት ሄደ?» አለች።

«ለብሶት ሄደ።»

ከዚያ አለቀሰች፤ ከጥምቀት ጀምሮ የያዘችውን ሁሉ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ አለቀሰች። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ልዘጋው ስነሳ እጄን ያዘችኝና «ተይው» አለችኝ።